የአርጌዮስ ክለብ ትክክለኛ የልደት ዓመት

እኔ ፕሮድሮሞስ ኬሃዮግሉ፣ የሰባ ሰባት ዓመት ሰው፣ የአርጌዮስ እግር ኳስ ክለብ የመጀመሪያው በረኛና ጸሐፊ፣ ዛሬ ማክሰኞ ኖቬምበር 13 ቀን 1979፣ በግሪክ አገር፣ በካቫላ ከተማ በስደተኞች ሰፈር፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ ይህን ቃል እሰጣለሁ። ልቤ ደክሟል፤ አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው፤ ያስገደደኝም የለም። ማክሰኞ ከአሥራ ሦስት ጋር ሲገጥም ሰፈሩ ሁሉ ይፈራዋል። ልጄ ኤቭላምቢያም «አባባ፣ ለነገ ይደር» ብላ ለምናኝ ነበር። እስከ ነገ የሚያደርሰኝ ትንፋሽ መኖሩ ስለሚያጠራጥረኝ እምቢ አልኩ። ውል አዋዋዩ የምናገረውንም የሚመለስልኝንም ሳያሳጥር እንዲጽፍ ጠይቄአለሁ።

አንደኛ። ቤቱና የበለስ ዛፉ ለኤቭላምቢያ ይሁኑ። ወንድሟ ሳቫስ ሽቱትጋርት ቤት ሠርቷልና አይከፋው፤ ቢከፋውም ይክፋው፣ አምስት ፋሲካ ሙሉ አልመጣም። የፓስቱርማ ቢላዋዬን ግን እሱ ይውሰድ። ሥጋ በነጭ ሽንኩርትና በአብሽ አሽቶ ማድረቅን ያስተማርኩት በዚያ ቢላዋ ነው።

ሁለተኛ። የፊታችን እሑድ ክለባችን ከትሪቶን ጋር ለመዋሐድ ድምፅ ይሰጣል። በስምምነቱ መሠረት የሚጸናው በዕድሜ የሚበልጠው ክለብ ስም ነው። ትሪቶን በ1928፣ እኛ በ1929 እንደተመሠረትን ተመዝግቧል። እንግዲህ እሑድ አርጌዮስ የሚለው ስም ሊጠፋ ነው። አርጌዮስ በቱርክ አገር፣ በቀጰዶቅያ ትተነው የመጣነው ተራራ ነው፤ ከዚያ ያመጣነው ከስሙ ሌላ ብዙ አልነበረም።

መዝገቡ ሐሰት ነው። ሐሰቱን የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ክለቡ የተመሠረተው በ1926፣ በትንባሆ መጋዘኑ ግቢ ነው። ማልያችንን ከዱቄት ጆንያ ሰፍተን በሽንኩርት ልጣጭ ቀለም ነከርነው። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ስሆን፣ የጻፍኩት በምናውቀው ቋንቋ፣ በቱርክኛ፣ በግሪክ ፊደል ነው። ክርስቲያኖች ነን፤ አያቶቻችን ግን የጸለዩት በዚያው ቋንቋ ነበር። እዚህ ሜዳ ስንገባ ተመልካቹ አፍንጫውን ይዞ «አብሽ ሸተተን! የቱርክ ዘር፣ ወደ መጣችሁበት!» ይለን ነበር። በ1929 ክለቡን ላስመዘግብ ስቀርብ ሹሙ «የቀደመ መዝገብ አላችሁ?» አለኝ። የቃለ ጉባኤው መዝገብ ኮቴ ውስጥ፣ ብብቴ ሥር ነበር። ከኋላዬ የከተማው ሰዎች ተሰልፈዋል። «የለንም» አልኩ። አፈርኩ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከዚያ በ33 ዋንጫ አነሣን፤ በጦርነቱ የጎላችን እንጨት ለማገዶ ተፈለጠ፤ በ58 ሁለተኛ ዲቪዚዮን ገባን፣ በ71 ወረድን። በዚህ ሁሉ ጊዜ በማልያው ደረት ላይ ያ የውሸት ዓመት ነበር።

ሦስተኛ። መዝገቡ በሳጥኔ ውስጥ፣ በበረኛ ሹራቤ ተጠቅልሎ ይገኛል። መዝገቡን ለኤቭላምቢያ አውርሻለሁ፤ ሹራቡን ብል በልቶታል፣ ከእኔ ጋር ይቀበር። ልጄ ሆይ፣ እናትሽ በቱርክኛ እሹሩሩ እንዳትልሽ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ። ሰሞኑን በየጠዋቱ መዝገቡን ማንበብ ሳስተምርሽ አራተኛው ገጽ ላይ ደርሰናል፤ እሑድን ካላየሁ ቆመሽ እስከዚያ ገጽ አንብቢላቸው። የምፈራው «ሽማግሌው ትናንት የጻፈው ነው» እንዳይሉሽ ነው። ስለዚህ የትሪቶን ሊቀ መንበር ስታማቲስ ካራቬላስ ምስክር እንዲሆነኝ ለመንኩት፤ መጥቶም አጠገቤ ተቀምጧል። በቡና ቤቱ፣ በክለባችን ዕድሜ «ታናሼ» እያለ ሲያሾፍብኝ ሃምሳ ዓመት የኖረ ባልንጀራዬ ነው።

እዚህ ላይ ስታማቲስ ኤቭላምቢያ ከሳጥኑ ያወጣችውን መዝገብ ተቀብሎ አገላበጠ።

«ፊደሉን አነበዋለሁ፤ አንዱም ቃል አይገባኝም» አለ። «በይ እስቲ፣ አንቺ አንብቢው።»

ኤቭላምቢያ እየተንተባተበች አነበበች፤ እኔ ተረጎምኩ፦ «ሴፕቴምበር 9 ቀን 1926። ዛሬ አሥራ አንድ ሞላን።»

«አንተ ሽማግሌ! ታናሼ ስልህ ይኼን ሁሉ ዘመን ዝም ያልከኝ?»

«ዝም አልኩህ።»

«እሑድ የኔ ሰዎች በቁሜ ይበሉኛል እኮ!»

«አውቃለሁ፣ ስታማቲስ። ከከበደህ አትፈርም።»

የውል አዋዋዩን ብዕር ይዞ ነበር። ከእጁ አላስቀመጠውም።

ቃሌ ተነብቦልኛል፤ የእኔው ነው።

ተናዛዥ፦ ፕሮድሮሞስ ኬሃዮግሉ

ምስክሮች፦
አናርጊሮስ ቱምባሊዲስ፣ ዳቦ ጋጋሪ
ፖሊክሲኒ ማቭሩዲ፣ አዋላጅ
ስታማቲስ ካራቬላስ፣ የትሪቶን ሊቀ መንበር፣ ታናሽ