የአስተማሪ ወንፈል

ሰኞ

አልተውም። ይህን ጽፌ ልጀምር፣ ሌላው ይደርሳል። ርዕሰ መምህሩ ዛሬ ቢሮው ጠርቶኝ «እርስ በርስ ክፍል እየገባችሁ መተያየቱ ይቁም፤ ዕቅድ ውስጥ የለም» አለኝ። ዕቅድ! የሙያ ማሻሻያው ፋይል መደርደሪያው ላይ አብጦ ተቀምጧል። ቃለ ጉባኤ አለው፣ ማኅተም አለው። በሱ የተሻሻለ አስተማሪ ግን እስካሁን አላየሁም። እኛ ሦስታችን ያለ ማኅተም ብንማማር ማንን ገደልን?

ሦስታችን ማለት እኔ የሒሳቧ፣ ትርሃስ የእንግሊዝኛዋ፣ ጋሽ ሰይድ የኅብረተሰብ ትምህርቱ። ስሙን ወንፈል ያለው ጋሽ ሰይድ ነው፤ እንደ ገበሬዎቹ፣ ዛሬ ያንችን ማሳ፣ ነገ የኔን። ባለተራው ያስተምራል፣ ሌሎቻችን ከኋላ ተቀምጠን እናያለን፣ ያየነውን እንነግረዋለን። ማሞካሸት ክልክል ነው። የቀሩት መምህራን «ሰላዮች» ይሉናል። ይበሉን።

ማክሰኞ

ተራው የኔ ነበር። ሰባተኛ ክፍል፣ ክፍልፋይ። ሲያልቅ ጥሩ ያስተማርኩ መስሎኝ ነበር። ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር እንደተቀመጥን ጋሽ ሰይድ አላስተረፈኝም።

«ዝናሽ፣ ‹ገባችሁ?› ባልሽ ቁጥር ‹አዎ ቲቸር› ይላሉ። የኋለኞቹ ግን አዎ እያሉ የጻፉትን ይሰርዛሉ። ወላሂ፣ የገባው ላንች ብቻ ነው!»

ትርሃስ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ ግን በገንኩ። ባጃጅ ውስጥ ሁሉ ለብቻዬ ስመልስለት ነበር። ስንት ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ እኮ!

ረቡዕ

«ገባችሁ?» አላልኩም። ምላሴን ነክሼ ነው የዋልኩ። በምትኩ ጠየቅኩ፦ ከአንድ የማሽላ ማሳ አንድ አራተኛውንና አንድ ስምንተኛውን ብሰጣችሁ የቱን ትወስዳላችሁ?

ስምንተኛውን! ክፍሉ በሙሉ፣ በአንድ ድምፅ። ስምንት ከአራት ይበልጣላ! እስከ ዛሬ አዎ ሲሉኝ የከረሙት እነዚህ ናቸው። አፈርኩ። ማሳውን ሰሌዳው ላይ ስዬ ከፋፈልነው። ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቃት ፋጡማ ከጥግ ተነሣች። «ቲቸር፣ ለስምንት ወንድማማች ከተካፈለማ ለእያንዳንዱ ምን ሊደርሰው ነው?» ክፍሉ ሳቀ፣ ከዚያ የተነሣው እጅ በእጅ ላይ ሆነ። እንደገባቸው አልጠየቅኩም፣ አየሁ እንጂ። ደስ አለኝ። ጋሽ ሰይድንም ይቅር አልኩት።

ሐሙስ

ወሬው ለርዕሰ መምህሩ ደርሶታል፤ ነገ ተራው የጋሽ ሰይድ ነው። በእረፍት ሰዓት መምህራን ማረፊያ ገብቶ በሁሉም ፊት «ነገ የሰይድ ክፍል የሚገባ አስተማሪ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ የሥራ አፈጻጸሙም ላይ ይታያል» አለ። የሚያየው እኔን ነው።

ተነሣሁ። የማሳውን ነገር ከነውርደቴ ተናገርኩ። «ይህን ያሳየኝ ፋይል አይደለም፣ ጋሽ ሰይድ ነው። የራስን ማሳ አሳርሶ በሰው ተራ መቅረት ደግሞ በኛ አገር ነውር ነው። ነገ እገባለሁ።»

ሁሉም ሻዩን ያማስላል፣ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። ትርሃስ መሬት መሬት ታያለች። ወደ ዋጃ ከተማ የጠየቀችው ዝውውር የርዕሰ መምህሩን ፊርማ ይጠብቃል፤ አልፈርድባትም። ግን ከፋኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። ብቻዬን ከገባሁ ወንፈሉ አለቀለት ማለት ነው። ብቻውን ወንፈል የሚገባ የለም።

አርብ

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ተደወለ። ወደ ጋሽ ሰይድ ክፍል ሄድኩ። ደርሼ የመመለስ ሐሳብም መጥቶብኝ ነበር። በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁ።

ትርሃስ የኋላው ዴስክ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ የአማርኛው መምህር። ከነሱ ቀጥሎ «ሰላዮች» ሲሉን ከከረሙት ሁለቱ፣ ማስታወሻቸውን ዘርግተው። ጋሽ ሰይድ ጠመኔውን እንደያዘ «አርፍደሻል፣ ቦታ ፈልጊ» አለኝ። ቦታ የለም። ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ አየሁ።

ርዕሰ መምህሩ በመስኮቱ በኩል አለፈ። ተመልሶ አለፈ። ማስጠንቀቂያው ሰኞ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ለስንታችን እንደሚጽፍ ግን እሱም የጨነቀው ይመስለኛል።