ወድቀው የተነሱት

እትዬ፣ ይህ ወረቀት ባለሽበት በጤና ይድረስሽ።

እንዴት ነሽ? አዲሱ ሹመት፣ አዲሱ ቤት ተስማማሽ? እኔ ደህና ነኝ። እማዬን ግን ደህና ናት ብዬ አልዋሽሽም። ወባው ሁለተኛ ጊዜ ጥሏታል። ትናንት ሻይ በማንኪያ ቀመሰች።

ፊትሽ ብሆን አንገቴን ደፍቼ ዝም እንደምል ታውቂያለሽ። ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ።

ያን ቀን ታስታውሻለሽ? አንቺ የርጭት ቡድኑ ኃላፊ፣ እኔ የትንኝ ማርቢያው ትሪ አጣቢና ቆጣሪ። መቶ ትንኞችን የምንረጨው መድኃኒት የተቀባ ወረቀት ባለበት ቱቦ ውስጥ አንድ ሰዓት አቆየን። ሁሉም ወደቁ። «አለቀላቸው! አንቺ ትንኝንም ታፍሪያለሽ እንዴ? ቀና በይና ቁጠሪ እንጂ» ብለሽ ሳቅሽብኝ። የሚመዘገበው ግን የማግስቱ ቆጠራ ነው። ጠዋት ስገባ ስልሳ አንዱ ተነስተው ይበራሉ። ሮጬ ነገርኩሽ። «እሺ የኔ ቆንጆ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» አልሽኝ። አመንኩሽ። መድኃኒቱ ፈተናውን ካለፈ ሹመቱ እንደሚመጣልሽ መች አወቅኩ!

ቤታችን ሲረጭ «ከእንግዲህ አጎበር ምን ያደርግልሻል፣ ሙቀት ብቻ ነው» ብለሽ ከእማዬ አልጋ ላይ ያወረድሽው አንቺ ነሽ።

በሽተኛው ሲበዛ የማርቢያችን ተመራማሪ የፈተናውን መዝገብ አወጣች። መቶ ከመቶ ሞተዋል ይላል። «ቆጣሪ» በሚለው ቦታ የኔ ስም፣ የኔ ፊርማ። እኔ አልፈረምኩም፣ እትዬ። ፊርማዬን ግን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። «ምን ነካሽ ልጄ?» ስትለኝ ከቤታችን ግድግዳ ትንኞች ይዤ አመጣሁላት።

መረመረችልኝ። መርዙን የሚያፈርስ ነገር በሰውነታቸው ውስጥ በብዛት የሚያሠራ ጂን አላቸው አለች። ወድቀው ሳሉ መርዙ ውስጣቸው ያልቅና ይነሳሉ። የተረፈችው ለልጆቿ ታወርሳለች፤ በረጨን ቁጥር የሚቀሩት እንደሷ ያሉት ናቸው። እኔና አንቺስ ከአንድ እናት ምን ወረስን ብዬ አሰብኩ።

እማዬ «እህትሽ ምነው ጠፋች?» ስትል «ሥራ በዝቶባት ነው» እላታለሁ። የሠራሽውን አታውቅም፤ ከኔም አትሰማም። ያን ጠዋት ስልሳ አንድ ብዬ የጻፍኩበትን ደብተር ግን ለተመራማሪዋ ሰጠኋት። ከሥሩም ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። አጎበሩንም መልሼ ሰቅዬዋለሁ።

ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልሽ፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። አንቺም አጎበርሽን አታውርጂ።

ስሟን በራሷ እጅ የጻፈች
ታናሽ እህትሽ