ወይዘሮ ጤናዬ ገሠሠ እና ያልተዘጋው የኦብሴ ፋይል

ወይዘሮ ጤናዬ ገሠሠ ከአባታቸው ከአቶ ገሠሠ አምባዬ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰለፈች ሐዲስ ጥቅምት 12 ቀን 1955 ዓ.ም. በወንጂ የሸንኮራ አገዳ ሠራተኞች ካምፕ ተወለዱ። አባታቸው ለአንድ ዓመት ብለው ከመንዝ ወርደው፣ አገዳ ሲቆርጡ እዚያው አርጅተው የቀሩ ሰው ነበሩ። ወይዘሮ ጤናዬ ከከምባታው፣ ከሀዲያውና ከኦሮሞው ልጅ ጋር ከአንድ ገበታ እየበሉ ስላደጉ ኦሮምኛን እንደ አፍ መፍቻቸው ይናገሩ ነበር። ከምባትኛም ለስድብ የሚበቃ ያህል ያውቁ ነበር።

የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በወንጂ፣ የሁለተኛ ደረጃውን አዳማ እየተመላለሱ ተምረው በ1973 ዓ.ም. አጠናቀዋል። አዲስ አበባ የማኅበራዊ ሥራ ሥልጠና ከወሰዱ በኋላም በ1975 ዓ.ም. በመንግሥት ሠራተኛነት አዳማ ተመደቡ። በ1979 ዓ.ም. ከከባድ መኪና አሽከርካሪው ከአቶ ታጠቅ ዘውዴ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ማስተዋልንና ቤዛዊትን አፍርተዋል። አቶ ታጠቅ፣ ያገባኋት እኔ፣ የሚያገኟት ግን የሰው ልጆች ናቸው እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እውነትም ነበር። ሠርግ ቤት እንኳ ሄደው መጀመሪያ የሚጠይቁት ጓሮ ዕቃ የምታጥበው ልጅ የማን እንደሆነች ነው።

ብዙ የሕይወት ታሪክ ከዚህ በኋላ ምስጋና ብቻ ይሆናል። ወይዘሮ ጤናዬ ግን ይህን ከልክለዋል። ባለፈው ታኅሣሥ፣ ሕመሙ ሲጠናባቸው፣ ይህን ጽሑፍ የሚያዘጋጀውን ታናሽ ወንድማቸውን ዘገዬን አስጠርተው፣ «ጥፋቴን ዘልለህ ደግ ነበረች ብለህ ብታነብብኝ፣ ከሣጥኑ ውስጥ ሆኜ እታዘብሃለሁ» ብለውታል። ስለዚህ አልተዘለለም።

በ2000 ዓ.ም. በመተሐራ ዙሪያ ያሉ የከረዩ አርብቶ አደሮች ድርቅ ከብታቸውን ሲጨርስባቸው፣ ልጆቻቸውን አዳማ በማቆያ ቤት አኑሮ የሚያበላና የሚያስተምር፣ ክፉው ቀን ሲያልፍም ለወላጅ የሚመልስ የመንግሥት መርሐ ግብር ተጀመረ። ልጆቹን ከየመንደሩ የሚቀበሉት ወይዘሮ ጤናዬ ነበሩ። አቶ ሮባ የተባሉ አባት የስድስት ዓመት ልጃቸውን ኦብሴን የሰጡት ለእርሳቸው ነው። የአባትየውን አውራ ጣት ወረቀት ላይ ያስነኩት፣ ልጅቷንም አቅፈው መኪና ላይ ያወጧት ወይዘሮ ጤናዬ ራሳቸው ናቸው።

መርሐ ግብሩ በ2003 ዓ.ም. ሲዘጋ ሠላሳ ሰባት ልጆች ወደየቤታቸው መመለስ ነበረባቸው። ወይዘሮ ጤናዬ ሠላሳ አራቱን እየዞሩ በእጃቸው አስረከቡ። ሦስቱ ሲቀሩ የበጀት ዓመቱ አለቀና አለቆች ሪፖርት አምጡ ብለው አጣደፉ። በዚያው ሳምንት ሦስቱም ልጆች ለቤተሰብ መሰጠታቸውን የሚገልጹ፣ የየቀበሌያቸው ማኅተም ያረፈባቸው ሦስት ደብዳቤዎች መጡ። የኦብሴው፣ የአባቷ ወንድም ተረክቧታል ይል ነበር። ወይዘሮ ጤናዬ ማኅተሙን አምነው ፈረሙ።

በጥር 2004 ዓ.ም. አቶ ሮባ ልጃቸውን ሊወስዱ አዳማ መጡ። ወይዘሮ ጤናዬም ደብዳቤውን አውጥተው በኦሮምኛ እየተረጎሙ አነበቡላቸው። አቶ ሮባ ወንድም የላቸውም። እስከ መጨረሻው ሰምተው ሲያበቁ፣ «ልጄን ለመንግሥት ስጥ አላችሁኝ፤ ሰጠሁ። መንግሥት የሚባለውን ሰውዬ እኔ አላውቀውም። እኔ የማውቀው አንቺን ነው» አሏቸው። ወይዘሮ ጤናዬ ይህን ቃል እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሱትም።

አለቆች ፋይሉ ተዘግቷል አሉ። ወይዘሮ ጤናዬ ግን፣ ያላየሁትን እንዳየሁ አድርጌ ፈርሜያለሁና ፋይሉ ይከፈት፣ እኔም ልጠየቅ ብለው ጻፉ። አንድ ጊዜ ሳይሆን አሥራ አንድ ጊዜ ጻፉ። መሥሪያ ቤቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ሲል ቆይቶ በመጨረሻ ከሥራ ደረጃቸው ዝቅ አድርጎ መዝገብ ቤት አስገባቸው። ሊቀጧቸው የላኳቸው ክፍል ፋይሎቹ ሁሉ የሚገኙበት መሆኑን ያሰበ አለቃ አልነበረም።

እዚያም ሦስቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ዘርግተው ሲያዩ የአንድ ሰው እጅ ጽሑፍ ሆነው አገኟቸው። በ2005 ዓ.ም. ከሦስቱ ልጆች አንዱን ሞጆ አጠገብ የሰው ከብት ሲጠብቅ፣ አንዷን መልካሳ የሰው ልጅ ስታዝል አግኝተው ለወላጆቻቸው አስረከቡ። ኦብሴ ግን የውሃ ሽታ ሆነች። ከማቆያ ቤቱ የተገኘው ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሁሉም ልጆች ሲሆን ኦብሴ ፊቷን ወደ ጎን አዙራለች። አቶ ታጠቅ ያንን ፎቶግራፍ እያባዙ ከሞጆ ደረቅ ወደብ እስከ ጅቡቲ ለሚመላለሱ ሾፌሮች አደሉ። ወይዘሮ ጤናዬ ደግሞ በየወሩ በዕረፍት ቀናቸው መተሐራ፣ አዋሽ፣ መቂ፣ ባቱ እያሉ እግራቸው እስኪቀጥን ዞሩ። አውቶቡስ በቆመበት ሁሉ በመስኮት ሎሚና ቆሎ የምትሸጠውን ልጅ ስሟን ይጠይቁ ነበር። እብድ ናት ያሏቸውም አልጠፉም።

በ2008 ዓ.ም. ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቀመጠ። ማቆያ ቤቱ ቀበሌውን፣ ቀበሌው ወረዳውን፣ ወረዳው ለመርሐ ግብሩ ገንዘብ የሰጠውን ለጋሽ ድርጅት ጥፋተኛ ሲያደርጉ ዋሉ። ወይዘሮ ጤናዬ ተራቸው ሲደርስ፣ «ፈራሚዋ እኔ ነኝ። ከእኔ ጀምሩ፤ እኔ ላይ ግን አታቁሙ» አሉ። ኮሚቴው እርሳቸውን በማስጠንቀቂያ ቀጥቶ እዚያው ላይ አቆመ። ደብዳቤዎቹን ማን እንደጻፈ እስከ ዛሬ የጠየቀ የለም። ሆኖም በቀጣዩ ዓመት፣ ልጁን በዓይኑ አይቶ ያስረከበ ሠራተኛና የተቀበለ ወላጅ አብረው ሳይፈርሙ የሕፃን ፋይል እንዳይዘጋ መመሪያ ወጣ። በዚህም ብዙ ልጆች ተርፈዋል። ለኦብሴ ግን አልደረሰላትም።

አቶ ሮባ በ2013 ዓ.ም. አረፉ። ወይዘሮ ጤናዬ ለቅሶ ሲሄዱ ፊት ይነሱኛል ብለው ፈርተው ነበር። የኦብሴ እናት ግን እጃቸውን ይዘው ከአጠገባቸው አስቀመጧቸው። የዚያን ዕለት ያለቀሱትን ያህል በገዛ እናታቸው ሞት አላለቀሱም።

በ2015 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ የምስጋና ወረቀት ሰጣቸው። ግድግዳ ላይ አልሰቀሉትም፤ በኦብሴ ፋይል ቅጂ ውስጥ ከተቱት። ከዚያም የጉበት ሕመም ያዛቸውና በአዳማና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆዩ። ከማረፋቸው ከሦስት ቀን በፊት፣ ኦብሴ የምትባል ሴት ባቱ ውስጥ ሱቅ ከፍታለች የሚል ወሬ ከአንድ ሾፌር ደረሰ። ልጃቸው ቤዛዊት በማግሥቱ ሄደች። ሴትዮዋ ሌላ ሰው ሆና ተገኘች። ቤተሰቡ፣ ደስ ብሏቸው ይሂዱ፣ አገኘናት በያቸው ብሎ ለመናት። ቤዛዊት አልጋው አጠገብ ተቀምጣ እውነቱን ነገረቻቸው። ወይዘሮ ጤናዬ እጇን ስመው፣ ባቱን ከፍለጋው ዝርዝር ሰርዢው አሏት። መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት ላይ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ወይዘሮ ጤናዬ ከባለቤታቸው ከአቶ ታጠቅ፣ ከሁለት ሴቶች ልጆቻቸው፣ ከሦስት የልጅ ልጆቻቸውና ከወንድማቸው ተለይተዋል። ሞታለች ያለን ስለሌለ፣ ዘንድሮ ሃያ ሦስት ዓመት የሚሆናት ኦብሴ ሮባም ከቀሪዎቹ መካከል በወይዘሮ ጤናዬ ኑዛዜ ተጽፋለች። ፎቶግራፏ በዚህ ወረቀት ጀርባ ላይ አለ። እናቷ ከመተሐራ መጥተው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ቀብር ልትሸኙ ከመጣችሁት አንዳችሁ የምታውቁት ነገር ካለ፣ ሳትወጡ ንገሯቸው።

ለእህታችን ነፍስ አምላክ ዕረፍት ይስጥልን። ለእኛ ግን ዕረፍት አይስጠን።