ሄልሜትዎ ሥራ ሲቆጣጠር ዋለ

ለተከበሩ የሕንፃ ሥራ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ነው? ጉንፋን እንኳ ደጅዎን እንዳይረግጥ ምኞቴ ነው። እኛ ከመካከላችን አንድ ሰው ከመጉደሉ በቀር ደህና ነን። እኔ መወጣጫው ተሰብሮበት፣ ከሦስተኛ ፎቅ ወድቆ የሞተው ለሳኝ ታላቅ እህት ነኝ።

መሥሪያ ቤትዎ ሥራው በሚገባ «ሱፐርቫይዝ» መደረጉን፣ ሟቹም በገዛ ቸልተኝነቱ መሞቱን ስለገለጸልን ከልብ እናመሰግናለን። ቃሉ ከበደኝና የሚያውቅ ሰው ጠየቅሁ። ሥራን በቅርብ እየተከታተሉ ጉድለቱን ማረም፣ አደገኛውንም ማስቆም ማለት ነው አለኝ። እኔ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ይሆናል ያልገባኝ፤ እስቲ ያስረዱኝ።

አንደኛ፣ ነጩን ሄልሜትዎን በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ሰቅለው መሄድ ልማድዎ እንደነበር ባልደረቦቹ ነግረውኛል። ሄልሜቱ ካለ እርስዎ አሉ ማለት ነው፤ ሥራው ይቀጥላል። ፀሐይና አቧራ ሳይበግረው ከእርስዎ ይልቅ በሥራ ገበታው ላይ የተገኘውን ይህን ሄልሜት ሳላመሰግን አላልፍም።

ሁለተኛ፣ ወንድሜ የመወጣጫው እንጨት መሰንጠቁን አይቶ ነበር። ጓደኛው እንዳይወጣ ቢለምነው፣ «ሄልሜታቸው አለ እኮ፤ እሳቸው ሳያዩት አይቀሩም» ብሎት ወጣ። እንዴት እንዳመነዎ ልብ ይበሉልኝ። እኔ ድስት ጥጄ፣ ክዳኑ አለ ብዬ ጎረቤት ሄጄ ባወጋ ቤቱ በጢስ ይሞላል፤ ኋላ ግን በድስቱ አላሳብብም።

ሦስተኛውን ልጽፍ ተቀምጬ ለቅሶ ቀደመኝ፤ እሱ ይቅርብዎ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቸልተኛ» የምትለዋን ቃል ከወንድሜ ላይ ያንሱልን። የግድግዳ ጥግ ቀጥ አላለልኝም ብሎ ምሳውን የሚተው ሰው ነበር። እሱን አጣን። ስሙን ደግሞ ለምን ይወስዱብናል?

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የሚረግጡት ሁሉ እንዲጸናልዎ ከልብ የምመኝ፣

አክባሪዎ፣
የለሳኙ እህት

ሳልጠቅሰው እንዳይቀር፦ የወንድሜ ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ያንኑ «ሱፐርቫይዝ» የሚለውን ቃል በዓረፍተ ነገር እንድታስገባ ታዝዛ፣ «አባቴን ሲሠራ ሱፐርቫይዝ የሚያደርገው ሰው አልነበረም» ብላ ጻፈች። መምህሯ ትክክል ነው ብለዋታል። እርስዎ ስሕተት ካገኙበት፣ በአካል መጥተው ለእሷው ይንገሯት።