ለአዛናው የሚገባው ድግስ

ወረታ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ለልጄ ለያየህ፣

እንደምን ሰነበትህ? እኛ ደኅና ነን። የርብ ውኃ ጎድሎ ከብቱ ሜዳው ላይ ወርዷል።

መልስ ሳልሰጥህ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ አንተም መጻፉን ተውህ። ጣሊያን ወንድሜን በላቸውን ከገደለው ወዲህ ቋንቋቸውን አልሰማም ብዬ ነበር። አንተ አገራቸው ሄደህ ተማርህ፤ ይባስ ብለህ አገባህ።

በኅዳር የሚስትህ የሲልቪያ ደብዳቤ ደረሰኝ። እሳት ውስጥ ልጨምረው ስል እናትህ ነጠቀችኝ። «እርስዎ የሰውን ልጅ ሁሉ ሲያስነብቡ ኖረው የምራትዎን ቃል ያቃጥላሉ? ያንብቡልኝ!» አለች።

ያን ቋንቋ የሚያውቅ በአገሩ አዛናው ብቻ ነው። ለጣሊያን አስተርጓሚ ነበርና ሃያ ዓመት ሰላም ብዬው አላውቅም። «ላንብብልዎ» ቢለኝ፣ የምራቴን ቃል ከአንተ አፍ አልሰማም፣ አስተምረኝ አልሁት። ግትርነቴን ታውቀዋለህ።

እሱ መደብ ላይ፣ እኔ መሬት ላይ አጎዛ አንጥፌ፣ እንደ ሕፃናቱ ፊደል በፊደል እየለቀምሁ የቁጥር ንባብ ጀመርሁ። ቃሉ የት እንደሚቆረጥ፣ ድምፁ የት እንደሚነሣ አሳየኝ። «አይጣደፉ መሪጌታ፤ አብዛኛው ከመጨረሻው በፊት ነው የሚነሣው» ይለኛል። የግእዝን ተነሽና ወዳቂ ንባብ ሳርም ለኖርሁ ሰው ይህ አልከበደኝም። የገረመኝ ከቃሉ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀጥለው ማቆላመጣቸው ነው። ቤት «ካሳ» ነው፤ ትንሿ ቤት «ካሴታ»።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ ደብዳቤው መጨረሻ ደረስሁ። በ፣ ላ፣ ቺ፣ ኖ። ደግሜ ቆጠርሁት። በመስከረም የተወለደው ልጃችሁ ነው፤ የወንድሜን ስም ሰጥታችሁት፣ እሷ በአገሯ ደንብ አቆላምጣዋለች። አዛናው ከመጀመሪያው ቀን አይቶት ኖሯል፤ ራሴ እስክደርስበት ዝም ብሎ ጠበቀኝ። ምን እደብቅሃለሁ፣ ፊቱ አለቀስሁ። እሱም አለቀሰ።

ትናንት ለእናትህ ሳላቋርጥ በውርድ ንባብ አነበብሁላት። አዛናው እየተረጎመ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

እንግዲህ ደንቡን ታውቃለህ፤ ልጅ ዳዊት ሲደግም ለአስተማሪው የሚደግሱት ወላጆቹ ናቸው። የእኔ ወላጆች ሞተዋል። ስለዚህ ደጋሾቼ አንተ፣ ሲልቪያና በላቺኖ ናችሁ። ጠላውን እናትህ ትጠምቃለች፤ ወይፈኑንም ለይቻለሁ።

የጣራ ገዳም አምላክ መንገዱን ያቅናላችሁ። የኔታ አዛናው አርጅተዋልና አታስጠብቋቸው።

አባትህ
መሪጌታ ገብረ ኪዳን