ሳንባሽ ላይ ያለው ጥላ

ሆሳዕና፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ሳሉስ ጋብ አለልሽ? ፎንቆ ብርዱ ጠንክሯል አሉኝ፤ ጋቢ ሳትደርቢ ገበያ እንዳትወጪ። እኔ ደህና ነኝ፤ ያልነገርኩሽ ነገር ግን አላስበላ አላስተኛ ብሎኛል። በስልክ ስጀምርልሽ «ተባረኪ» ብለሽ ስለምትዘጊብኝ ነው መጻፌ።

ያን ቀን ሐኪሙ ሲቲ ስካኑን አይቶ «ሳንባዎ ላይ ጥላ አለ» ሲልሽ «አሜን» አልሽ። አማርኛን የተማርሽው ከመዝሙርና ከስብከት ነው፤ ላንቺ ጥላ ማለት ከለላ ነው። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ፣ እኔ ወደ ጫማዬ። እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ቆመሽ «ሐኪሙ ሳይቀር ጥላ እንዳለኝ ነገረኝ» ብለሽ መሰከርሽ አሉ፤ ምእመኑም እልል አለ። ከዚያ በኋላማ በየት በኩል ላርምሽ?

የስካኑ ሲዲ እኔ ጋ ቀረ። ሥራሽ ምንድን ነው ስትይኝ «ካርቱን» እያልኩ አልፍሻለሁ እንጂ፣ ለጤና ተማሪዎች የሰው አካል ውስጡ ሲንቀሳቀስ የሚያሳይ አኒሜሽን ነው የምሠራው። ስካኑ ሰውን እንደ ዳቦ ስስ ስስ አድርጎ ቆራርጦ ያነሳል። እኔ ምስሎቹን ደራርቤ መልሼ አካል አደርጋቸዋለሁ። በሁለት ምስል መካከል የጎደለውን ኮምፒውተሩ ገምቶ ይሞላዋል። ያንቺን ስደራርብ ጥላው የኮምፒውተሩ ግምት በሆነ ብዬ ተመኘሁ። ቆጠርኩት፤ አሥራ አንድ ምስል ላይ አለ።

ከዚያ ያደረግኩትን ልናዘዝ። ፕሮግራሙ ላይ አንዲት ምልክት ወደ ጎን ስትጎተት የፈለጉት ነገር ይሰወራል። ጥላውን ሰወርኩት። ከዚያ ሳንባሽን አስተነፈስኩት፤ ንጹሕ ሆኖ ሲነፋ ሲሟሽሽ ከሰዓቱን ሙሉ እያየሁ አለቀስኩ። የሥራ ባልደረባዬ ሱምያ ነገሩን ስነግራት፣ ከስክሪኑ ያጠፋሁት ካንቺ እንዳልጠፋ ነገረችኝ። ተቆጣኋት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ ግን የደበቅኩት የሰው በሽታ ነው።

እማ፣ ያ ጥላ እጢ ነው። ብቻዬን ተመልሼ ሐኪሙን አነጋገርኩት፤ ሳይሰፋ ከወጣ ተስፋ አለው ብሏል። ማክሰኞ ይጠብቀናል። ሰኞ በመጀመሪያው ሚኒባስ ነይልኝ፤ እግርሽ ላይ ወድቄ እለምንሻለሁ።

እዚህ ስደርስ የጎረቤትሽ ልጅ ጣቢታ ደብዳቤውን ልትወስድልኝ መጣች። ላምሽ ለእናቷ በደንብ እየታለበችላት እንደሆነ ስታወራ ሳታስበው አመለጣት። የሰጠሻቸው ከሆስፒታል በተመለስሽ ማግስት ነው አለች። «እኔ ከእንግዲህ አላልባትም፤ ለልጄ ግን እንዳትነግሩ» ብለሽም አደራ ብለሻቸዋል።

ከላይ የጻፍኩትን ልቀደው ነበር፤ ተውኩት። ሰኞ ብቻ ነይ። አማርኛው ያልገባን ማናችን እንደሆንን ያኔ እንነጋገራለን።

አምላክ ትንፋሽሽን ይጠብቅልኝ።

ልጅሽ