ውሃ የከለከልሁት ዝግባ

ባሕር ዳር
ሰኔ ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ይድረስ ላይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ ለአስማማው፤

ሰላምታዬ ያለህበት ድረስ ይምጣልህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገት ሲያይ ያጉረመርማል። ስልክህን ብሞክር ዛሬም ያቺ ሴትዮ «ማግኘት አይችሉም» አለችኝ፤ እሷን ከምሰድብ ብዬ ብዕር አነሳሁ።

መጀመሪያ የጎረቤት ወሬ። ሸምሲያ ስኳሯ ተነሥቶባት ሰንብታ ነበር። እግሯ አብጦ ሱቁን ለባሏ ለሙሀመድዘይን ትታ ብትተኛ፣ እሱ ጨው ላለው ሳሙና እየሰጠ ደንበኛዋን በተነባት። አሁን ተሽሏታል፤ መጮህ ጀምራለች። ልጇ ሰሚሐ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ አፍንጫው ቁርጥ አያቱን፣ ምስኪን። አብሮህ የሄደው መስዑዳቸውም ተመልሶ መጣ። ከሳብኝ ልጁ፤ ጸጉሩ ሸብቷል፣ በዚህ ዕድሜው። «አስማማውን የት ተውኸው?» ብዬ በሸምሲያ ላክሁበት። «እመጣለሁ በሏት» አለ አሉ። በአንድ ግድግዳ የምንለያይ ሰዎች፣ ሲስል እየሰማሁት፣ እኔን ላለማየት በጓሮ በር ይወጣል። ምን አስቀይሜው ይሆን እያልሁ ሰነበትሁ።

እስቲ ስለ ዛፍህ ልንገርህ። ዛፍ እንዳለህ አታውቅማ።

አምና በሰኔ ከዚያ ከባሕሩ ዳር ደውለህ «እማ፣ ጀልባው መጥቷል፤ ስንሻገር እደውላለሁ» አልኸኝ። ከዚያ ወዲያ ድምፅህን አልሰማሁም። በሐምሌ ደብራችን ችግኝ ተከላ አወጀ። የቤተ ክርስቲያኑ ደን ከዳር ከዳሩ ተበልቶ ተበልቶ፣ አንተ ወፍ ስታባርርበት ከነበረው እኩሌታው እንኳ እንዳልቀረ ታውቃለህ። ቄሰ ገበዝ ጥዑመ ልሳን ከቅዳሴ በኋላ ወጡና «እናታችሁን ቤተ ክርስቲያንን ልብሷን ገፍፋችሁ ራቁቷን አቆማችኋት። ሐይቁንም ለእምቦጭ አስረከባችሁት። እግዚአብሔር አዳምን በገነት ያኖረው እንዲጠብቃት ነው እንጂ እንዲመነጥራት ነው እንዴ?» ብለው ተቆጡን። ከዚያ እንዲህ ያለ መላ አመጡ፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለሞተበት ሰው አንድ የአገር ዛፍ ይትከል። ጉድጓዱ ላይ ጎንበስ ብሎ የሟቹን ክርስትና ስም ይጥራ፣ ከዚያ አፈር ይመልስ። «ባሕር ዛፍማ ሁሉም ይቆርጣል» አሉ፤ «አባቱን ግን በመጥረቢያ የሚመታ ማን ነው?» በላዩ ደግሞ ገዘቱ፤ የነቀለም የቆረጠም ውጉዝ ይሁን ብለው።

ክረምቱን ሙሉ ሐይቅ ውስጥ ነበርን። ወንዶቹ እምቦጩን በመንሽ ይጎትታሉ፣ እኛ ሴቶች ተሸክመን እናወጣለን። አበባው ሲያዩት ያምራል፤ ሰይጣንም ከሩቅ ያምራል። ሙሀመድዘይን መኪናውን ይዞ መጣ፤ «እናንተ ብትጾሙም ባትጾሙም ዓሣው ለሁላችን ነው» ብሎ ሲያስቀን ዋለ። ያወጣነውን አድርቀን፣ አበስብሰን፣ በየችግኙ ሥር ከተትነው።

ለአባትህ ወይራ ተከልሁ። አንዲት የዝግባ ችግኝ ተርፋ ነበር። ማንም ሳያየኝ ጎንበስ አልሁና ያንተን ክርስትና ስም ጠራሁባት።

አትቆጣኝ። ክፉ አስቤ አይደለም። አገር እንዲይዝህ ብዬ ነው፤ አንድ ሥር እዚህ ካለህ የትም ብትሄድ ትመለሳለህ ብዬ። ስምህንም ማንም አልሰማም። ከትንሽነትህ ጀምሮ «ክርስትና ስምህን ለማንም እንዳትናገር፣ መድኃኒት ያደርጉብሃል» ብዬ አስፈራርቼህ የለ? ከእኔና ካንተ በቀር የሚያውቀው የለም፤ ካህን እንኳ የሚጠይቀው ለቁርባንና ለፍትሐት ነው።

እንዲህ ያደረግሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። እናትዓለም ቤይሩት ላለችው ልጇ ለርሆቦት ወይራ ተክላ ኖሯል። ሀዲስ ደግሞ ለወታደር ወንድሙ ዋንዛ። የእናትዓለም ወይራ ቅጠሉን አራግፎ ደረቀ። ስታለቅስ ሰንብታ እሑድ ርሆቦት ደወለች፤ ወፍራለች፣ በምስሉ አየናት። የሀዲስ ዋንዛ ውሃ እየተንቆረቆረላት ደረቀች፤ በዳግማይ ትንሣኤ ወንድምየው ጢሙን አንዠርግጎ ከች አለ። የሙታኑ ዛፍ ግን አንድም ሳይደርቅ ያዘ። ውሃ ያነሰው እንኳ ያዘ።

ያንተም ያዘ።

ዝግባ እኮ ቀርፋፋ ነው፤ አያት ይተክለዋል፣ የልጅ ልጅ ይጠለልበታል ይባላል። ያንተ ግን በጥምቀት ትከሻዬ ደረሰ፣ በሁዳዴ ራሴን አለፈ። መጀመሪያ ሴቶቹ «እጅሽ የተባረከ ነው ፅጌ» ይሉኝ ነበር። የማን እንደሆነ ገብቷቸው፣ የሀዲስ ወንድም ከመጣ ወዲህ ዝም አሉ። ወደ ዛፍህ ስሄድ መንገድ ይለቁልኛል፤ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው።

ደግሞ ነፋስ በሌለበት ይወዛወዛል። ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ ይመለሳል፣ ታንኳ ላይ እንደተቀመጠ ሰው። ወፍ አያርፍበትም። በመጋቢት፣ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ሌላው ቅጠል አቧራ ለብሶ ሳለ፣ ያንተን ከላይ እስከ ታች ርሶ አገኘሁት። ጤዛ ነው እንዳልል ቀትር ነው። በጣቴ ጠረግሁና ቀመስሁት። ጨው ነው። ልጄ፣ ጣናን እየጠጣሁ ነው ያደግሁት፤ ጣና ጨው የለውም።

የዚያን ዕለት ልነቅለው ተነሣሁ። ግንዱን አቅፌ ስታገል ከኋላዬ፣

«አንቺ ሴትዮ! ግዝቱ ለሌላ አገር ሰው ነው እንዴ የተነገረው?»

ቄሰ ገበዙ ናቸው።

«አባቴ፣ ይኼ የሞተ ሰው ዛፍ አይደለም። የአስማማው ነው።»

«ለሕያው ተከልሽ?»

«ተከልሁ።»

«እንግዲያስ እንደነ እናትዓለም…» ብለው ጀመሩና ተዉት። መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ላይ አዩ። ጨዉን ነገርኋቸው። «የእምቦጩ ብስባሽ ይሆናል» አሉ። ብስባሹ የሁሉም ሥር አለ አይደል? ሄጄ የአባትህን ወይራ ቀመስሁ፤ ምንም የለውም።  እሳቸውም በኋላ ቀስ ብለው «ግዝቱን አልፈታልሽም። የገዘትሁት ግን መንቀልና መቁረጥ ነው፤ ውሃ መከልከልን አላነሳሁም» አሉኝ። እጃቸውን ሳምሁ።

የቀረውን በጋ ሙሉ እንዲህ ሆንሁልህ። የውሃ ተረኛ ሴቶች አለቃ እኔ ነኝ፤ ከሐይቁ በጀሪካን እየቀዳሁ የሰዉን ሁሉ ሙት አጠጣለሁ፣ ያንተ ጋ ስደርስ ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ። ሌላው ሰው ለደኑ ልምላሜ ይጸልያል፤ እኔ ከመካከላቸው ቆሜ አንዱን ዛፍ አድርቅልኝ እላለሁ። ደረቀ ማለት ትደውላለህ ማለት ነዋ። እሱ ግን ለመለመ።

ትናንት መስዑድ መጣ። በጓሮ አይደለም፣ በፊት ለፊት በር። ተቀመጥ ብለው አልቀመጥ አለ። «እትዬ ፅጌ፣ ለአስማማው የተከሉት ዛፍ አለ ይላሉ። ያሳዩኝ።»

ሄድን። ዝግባህ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ላይ ነው፤ እሱ ከውጭ ቆመ፣ እኔ ገባሁ። እጁን ባጥሩ ላይ አሳልፎ ቅጠል ቆነጠረና ከንፈሩ ላይ አደረገው። ዓይኑን ጨፈነ። ጣዕሙን የሚያውቀው ሰው ይመስላል።

«እትዬ» አለኝ፣ «ወልደ ገብርኤል ማለት እሱ ነው አይደል?»

አጥሩን ያዝሁ።

«ለካህኑ ንገርልኝ ብሎኝ ነበር። አንተ እስላም ነህ ትረሳዋለህ ብሎ ደጋግሞ አስጠናኝ። አልረሳሁትም። ለመናገር ግን አቃተኝ።»

የት እንደነገርኸው አልጠየቅሁትም። ለምን እንደነገርኸውም አልጠየቅሁትም። «ሸምሲያ ትጠብቅሃለች፣ ምሳህን ብላ» ብዬ ሸኘሁት። አንተን ግን እጠይቅሃለሁ፤ ያን ያህል እየደበቅሁልህ ምነው ስምህን ለሰው ሰጠህ?

የደብዳቤውን አድራሻ መስዑድ ይጽፍልኛል ብዬ ነበር። አላልሁትም። ፖስታው እንደ ነጣ አለ።

እንግዲህ ልጄ፣ ባሕሩን ጸጥ የሚያሰኝ እሱ ባለህበት ያሳርፍህ። አይብረድህ። ጎንህ የሚቆረቁር አይሁንብህ። አባትህን ካገኘኸው ወይራው ደህና ነው በለው።

እናትህ
ፅጌ ማርያም

ቄሰ ገበዙ አሁን መጥተው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። መስዑድ እሳቸውም ዘንድ ደርሶ ኖሯል። ወንበሩን ሳቀርብላቸው፣ «ስሙን ከሌላ ሰምቻለሁ፤ ካንቺ አፍ ካልሰማሁት ግን ፍትሐቱን አልጀምርም ልጄ» አሉኝ። «መጀመሪያ ውሃ ላጠጣው» አልኋቸው። ጀሪካኑን ሞልቼዋለሁ። «አጠጪው፣ እጠብቅሻለሁ» ብለው ተቀምጠዋል።